ፕሬዚዳንቱ ይህን ሹም መሻር ይችላሉ ወይ? በአሜሪካ ገለልተኛ ተቋማት ላይ ያለውን የሥልጣን ገደብ ከሕጉ አንብቦ መለየት

በአማርኛ «ሹም ሽር» አንድ ቃል እስኪመስል ድረስ ተጣብቋል። የሾመ ይሽራል ብለን ስለምናስብ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን ሹሙን ጽፎ ሽሩን ሳይጽፍ አልፏል። አንቀጽ 2 ፕሬዚዳንቱ በሴኔቱ ምክርና ይሁንታ ባለሥልጣናትን እንደሚሾሙ ይናገራል። ስለ መነሳት የሚናገረው ግን በኮንግረስ ተከስሰው ጥፋተኛ ስለሚባሉ ሰዎች ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኮንግረስ በ1789 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ሲያቋቁም «ሚኒስትሩን ማን ያነሳዋል?» በሚል ጥያቄ ቀናት የፈጀ ክርክር ያደረገው በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው። ዛሬ ስለ ገለልተኛ ተቋማት፣ ማለትም ኮንግረስ ከፕሬዚዳንቱ የቀጥታ ቁጥጥር እንዲርቁ አድርጎ ስላቋቋማቸው መሥሪያ ቤቶች፣ «ፕሬዚዳንቱ ኮሚሽነሩን አባረሩ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር የሚነሳው ሙግትም የዚያው ቅጥያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኢትዮጵያን አዋጆች ማንበብ የለመደ ሰው አንድ ልማድ መተው አለበት። የእኛ ማቋቋሚያ አዋጆች ገና ከመጀመሪያ አንቀጾቻቸው «ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሆናል» ወይም «ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሆናል» ብለው ነገሩን ይቋጩታል። በአሜሪካ ሕግ ይህን ዓረፍተ ነገር ብትፈልጉ አታገኙትም። ኮንግረስ ሕግ አስፈጻሚን ባለሥልጣን የማንሳት ሥልጣን ለራሱ ማስቀረት እንደማይችልም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 በባውሸር እና ሲናር መዝገብ ወስኗል። ስለዚህ «ተጠሪነቱ ለማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በአንድ ቦታ አይገኝም፤ ከአራት ከአምስት ቦታ እየለቀሙ መገጣጠም ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፦ ተቋሙን ሳይሆን ወንበሩን ለዩ

ዜና «የሠራተኛ ግንኙነት ቦርዱ ኃላፊ ተባረሩ» ሲል ማንን ማለቱ ነው? በዚያ የሠራተኛና የአሠሪ ክርክሮችን በሚያየው ቦርድ ውስጥ ሁለት ዓይነት የፕሬዚዳንት ሹመኞች አሉ። ለ5 ዓመት የሚሾሙ 5 የቦርድ አባላት አሉ፤ ለ4 ዓመት የሚሾም ዋና የሕግ አማካሪም አለ። ለአባላቱ ሕጉ የመሻሪያ ገደብ አስቀምጧል። ለሕግ አማካሪው ግን ምንም አላለም። ፕሬዚዳንት ባይደን በጃንዋሪ 2021 ሥልጣን በያዙበት ዕለት በትራምፕ የተሾሙትን የሕግ አማካሪ አሰናበቱ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም በጃንዋሪ 2025 የባይደንን ሹመኛ አሰናበቱ። በሁለቱም ላይ ብዙ ሕጋዊ ጫጫታ አልተነሳም። ከዚያው ከጃንዋሪ 2025 ስንብት ጋር አብረው የተባረሩት የቦርድ አባሏ ግዊን ዊልኮክስ ጉዳይ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ተቋሙ አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው፤ ወንበሩ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው የተለመደ መደናገር የሰብሳቢነት ነው። በንግድ ኮሚሽን (የገበያ ውድድርንና ሸማቾችን የሚጠብቀው ተቋም)፣ በመገናኛ ኮሚሽን፣ በሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽንና በሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ሰብሳቢውን ከአባላቱ መካከል የሚሰይሙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ሰብሳቢነቱን ነጥቀው ለሌላ አባል ቢሰጡ ተራ ሥልጣናቸውን ተጠቀሙ እንጂ ማንንም አላባረሩም፤ ሰውዬው አባል ሆኖ ይቀጥላል። የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ሊቀመንበር የተለየ ነው፤ ለ4 ዓመት፣ ለዚያው ለሊቀመንበርነቱ ለብቻው በሴኔት ጸድቆ የሚያዝ ሹመት ነው።

ቀጥሎ፦ ማቋቋሚያ ሕጉን ክፈቱና የመሻሪያዋን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ

የፌዴራል ሕጎች በርዕስና በክፍል ቁጥር ተደራጅተው በዩናይትድ ስቴትስ ኮድ ውስጥ ይገኛሉ፤ በነጻ ይነበባሉ። የንግድ ኮሚሽን በርዕስ 15 ክፍል 41፣ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በርዕስ 15 ክፍል 2053፣ የፌዴራል ሪዘርቭ ገዥዎች በርዕስ 12 ክፍል 242፣ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ በርዕስ 29 ክፍል 153፣ የፌዴራል ሠራተኞችን ይግባኝ የሚሰማው የሜሪት ሲስተም ቦርድ በርዕስ 5 ክፍል 1202፣ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በርዕስ 42 ክፍል 5841 ላይ ናቸው። ክፍሉን ስትከፍቱ ከላይ እስከ ታች ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ስለ አባላት ብዛት፣ ስለ ሥራ ዘመንና ስለ ደመወዝ የሚናገረው አካባቢ ላይ አይናችሁን አሳርፉ። የመሻሪያዋ ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ዘመኑ ጎን ተወሽቃ ነው የምትገኘው።

ዓረፍተ ነገሯን ስታገኙ ቃል በቃል ገልብጧት፤ አንድ ቃል መዝገብ ያዞራል። የንግድ ኮሚሽን፣ የኒውክሌር ኮሚሽንና የሜሪት ሲስተም ቦርድ አባላት በሦስት ምክንያቶች ሊሻሩ ይችላሉ፦ በብቃት ማነስ፣ ግዴታን ችላ በማለት፣ በሥልጣን በመባለግ። የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድና የምርት ደህንነት ኮሚሽን ሕጎች ግን የመጀመሪያውን አውጥተው ሁለቱን ብቻ አስቀምጠዋል፤ «በሌላ ምክንያት አይሆንም» የሚል ማሰሪያም ጨምረዋል። የሠራተኛ ግንኙነት ቦርዱ ከዚህም አልፎ ማስታወቂያና መሰማት ይጠይቃል። ማለትም ክሱ ለአባሉ ተነግሮት መልስ የሚሰጥበት ዕድል ሊኖር ይገባል። ፌዴራል ሪዘርቭ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ዝርዝር የለም፤ የ14 ዓመት ዘመንና «በምክንያት ካልተሻረ በቀር» የሚል አጭር ሐረግ ብቻ። ይህ ሐረግ ምን ያህል እንደሚያከራክር ኋላ እናየዋለን።

አንዳንዶቹ ሕጎች ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላሉ። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን፣ የመገናኛ ኮሚሽን፣ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንና የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ሕጎች የሥራ ዘመን ይወስናሉ፤ ስለ መሻር ግን አይናገሩም። እዚህ ላይ አንባቢ በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። አንዱ «ስላልተከለከለ ይቻላል» ይላል፤ ሌላው «ገለልተኛ ከተባለ አይቻልም» ይላል። ትክክለኛው መነሻ የ1958ቱ የዊነር ውሳኔ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የጦርነት ካሣ ኮሚሽን አባል የነበሩትን ዊነርን አሰናበቱ፤ ሕጉ ስለ መሻር አንዲት ቃል የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን የኮሚሽኑ ሥራ እንደ ፍርድ ቤት የካሣ ጥያቄ መዳኘት ነውና ገደቡ ከሥራው ባሕርይ ይመነጫል ብሎ ፈረደላቸው። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽንን በተመለከተ ፍርድ ቤቱ በ2010 ጥበቃ እንዳላቸው ቆጥሮ አንድ ትልቅ መዝገብ ወስኗል። ያን ያደረገው ግን ተከራካሪዎቹ ስለተስማሙበት ነው፤ ነጥቡን ራሱ አልፈረደበትም። «ተቆጠረ» እና «ተፈረደ» ለየቅል መሆናቸውን ልብ ማለት ብዙ ውርደት ያድናል።

የሥራ ዘመን ማብቂያንም አብራችሁ ተመልከቱ። የንግድ ኮሚሽን አባል ዘመኑ ቢያልቅም ተተኪ እስኪሾም ይቀመጣል። የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ አባል ግን ዘመኑ ባለቀበት ቀን ወንበሩን ይለቃል። «ተባረረ» የተባለው ሰው ዘመኑ ያለቀበት ሆኖ ከተገኘ ሙግቱ ከሥር ይቀየራል።

አሁን ሕጉን ከፍርድ ቤቱ ውሳኔዎች ጋር አመዛዝኑ

ሕጉ «አይሻርም» ቢልም ነገሩ አያልቅም፤ ኮንግረስ ያን ገደብ የመጣል ሥልጣን አለው ወይ የሚለው ይቀራል። አራት ጥያቄዎችን በተራ ጠይቁ።

ኃላፊው አንድ ሰው ነው ወይስ ጉባኤ? በ1926 በማየርስ መዝገብ፣ ቀድሞ ፕሬዚዳንት በነበሩት በዋና ዳኛ ታፍት ብዕር፣ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱ የፖርትላንድ ኦሪገንን የፖስታ ቤት ኃላፊ ያለ ሴኔቱ ፈቃድ ማሰናበት ይችላሉ አለ። በ1935 ግን በሃምፍሪ መዝገብ 9 ለ 0 ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የንግድ ኮሚሽን አባሉን ዊሊያም ሃምፍሪን በ1933 ያሰናበቷቸው በጥፋት አልነበረም፤ የራሳቸውን ሰው ለማስቀመጥ ነበር። ሃምፍሪ በተባረሩ በወራት ውስጥ ሞቱ፤ ደመወዛቸውን የጠየቀው የውርሳቸው አስፈጻሚ ነበር። ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑ ከፊል ሕግ አውጪ ከፊል ዳኛ የሆነ የባለሙያ ጉባኤ ነው፣ ገደቡም ይጸናል አለ። በ2020 በሴይላ ሎው መዝገብ ደግሞ 5 ለ 4፣ በአንድ ዳይሬክተር የሚመራው የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ላይ የተጣለው የመሻሪያ ገደብ ፈረሰ፤ በ2021 በኮሊንስ መዝገብ የቤት ፋይናንስ ኤጀንሲውም ተከተለ። ስለዚህ በአንድ ሰው የሚመራ ተቋም ከሆነ መልሱ ከሞላ ጎደል ታውቋል፦ ፕሬዚዳንቱ ይሽራሉ።

ጥበቃው ስንት ድርብ ነው? ባለሥልጣኑ በምክንያት ብቻ የሚሻር፣ እሱን የሚሽረውም አካል ራሱ በምክንያት ብቻ የሚሻር ከሆነ፣ በ2010ሩ የሂሳብ ምርመራ ቦርድ ውሳኔ (ከላይ «ትልቅ መዝገብ» ባልነው) መሠረት ሁለቱ አብረው አይቆሙም።

ተቋሙ ምን ይሠራል? የ1935ቱ ውሳኔ የቆመው በወቅቱ ኮሚሽን አነስተኛ ሥልጣን ላይ ነው። ዛሬ ያው ተቋም ኩባንያ ይከሳል፣ ሁሉንም የሚያስገድድ ደንብ ያወጣል፣ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲጣል ያስደርጋል። የገደቡ ተቃዋሚዎች ዋና መከራከሪያ ይህ ነው፤ እውነትም ጠንካራ ነጥብ ነው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ኮንግረስ ያንን ሥልጣን የሰጠው ጉባኤው ከአንድ ሰው እጅ ውጪ እንዲሆን አስቦ ነው ይላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ወደ ፊተኛው እያዘነበለ መምጣቱን ከ2010 በኋላ የወጡትን ውሳኔዎች በቅደም ተከተል ያነበበ ሁሉ ያያል።

አራተኛው ጥያቄ የቀን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

በሜይ 22 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዊልኮክስና በሜሪት ሲስተም ቦርድ አባሏ ካቲ ሃሪስ ጉዳይ ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙ እነሱን ወደ ሥራ የመለሰውን የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ አገደ፤ ሙግቱን ግን አልዘጋም። መንግሥት የማሸነፍ ዕድል እንዳለው ገምቶ፣ እስኪወሰን ከሥራ ውጪ ይቆዩ አለ። በጁላይ ለምርት ደህንነት ኮሚሽን አባላትም ተመሳሳይ ሆነ፤ እንዲህ ያሉ ጊዜያዊ ትእዛዞች ለመሰል ጉዳዮች መመሪያ እንደሚሆኑም ተጻፈ። «ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቀደ» የሚለው ርዕሰ ዜና እግድን ከፍርድ ጋር ያምታታል፤ ሥር ፍርድ ቤቶች ግን እግዱንም ችላ ማለት አይችሉም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ነው።

ዋናው መዝገብ የንግድ ኮሚሽን አባሏ የሪቤካ ስሎተር ነው። በማርች 2025 ሲሰናበቱ ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱም አልተጠቀሰባቸውም፤ ከአስተዳደሩ አቅጣጫ ጋር አይሄዱም ነው የተባለው። የሃምፍሪ ታሪክ ከ90 ዓመት በኋላ በዚያው ኮሚሽን ተደገመ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ዲሴምበር 8 ቀን 2025 ሰማ፤ የያዛቸውም ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የመሻሪያ ገደቡ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ወይ፣ የሃምፍሪ ውሳኔ ይሻር ወይ? ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤት የተሻረን ባለሥልጣን ወደ ወንበሩ መመለስ ይችላል ወይስ ካሣና ደመወዝ ብቻ ነው የሚያዘው? በዚህ ርዕስ አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት የዚህን መዝገብ የመጨረሻ ሰነድ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገጽ አውጥታችሁ አንብቡ። ውሳኔ ሲነበብ ሦስት ነገር ነው የሚፈለገው፦ የሃምፍሪን ውሳኔ በስሙ ሽሮታል ወይስ አጥብቦታል፤ ፌዴራል ሪዘርቭንና የዳኝነት ሥራ ብቻ ያላቸውን ተቋማት ለይቶ አስቀርቷል ወይ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ መልሷል ወይስ ዘሎታል። የተስማሚና የተቃዋሚ ዳኞችን ጽሑፍ እንደ ውሳኔው አድርጎ መጥቀስ የጀማሪ ስህተት ነው።

መሻር ተፈቀደ ብላችሁ ብታስቡስ?

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይቆማል፤ እኛ ግን ሰፊው ክፍል ይህ ነው እንላለን። ፕሬዚዳንቱ በፈቀዱ ጊዜ የሚያባርሩ ቢሆኑ እንኳ የቀሩት ገደቦች ባሉበት ናቸው። አንድ በር ቢከፈት ሌሎቹ በሮች አብረው አይከፈቱም።

መተካት ከማባረር ይከብዳል። አዲስ አባል በሴኔት መጽደቅ አለበት። ለአንድ ሚኒስቴር ክፍት ቦታ ተጠባባቂ የሚመደብበት የ1998ቱ የክፍት ቦታዎች ሕግ አለ፤ ተጠባባቂውም በመደበኛው 210 ቀን ገደብ አለበት። ይህ ሕግ ግን ገለልተኛ ተቋምን በሚመሩ ጉባኤዎች አባላት ላይ እንደማይሠራ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ «ተጠባባቂ ኮሚሽነር» የሚባል ነገር የለም፤ ወንበሩ ባዶውን ይቀመጣል። ሴኔቱ በእረፍት ላይ ሳለ የሚደረግ ሹመትም ቢሆን በ2014 በኖኤል ካኒንግ ውሳኔ ጠቧል፤ ፍርድ ቤቱ 9 ለ 0 በ3 ቀን እረፍት የተደረጉ የሠራተኛ ቦርድ ሹመቶችን ሻረ፤ ከ10 ቀን ያነሰ እረፍትም በመደበኛው አይበቃም አለ።

የፓርቲ ሚዛን። በንግድ ኮሚሽን ከ5ቱ ከአንድ ፓርቲ ከ3 በላይ መሆን አይቻልም፤ በሰነደ ሙዓለ ንዋይና በእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽንም እንዲሁ። በምርጫ ኮሚሽን ከ6ቱ 3 ነው ጣሪያው፤ ዋና ዋና ውሳኔ ለማሳለፍም 4 ድምፅ ያስፈልጋል። የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ሕግ ግን ይህን አይጠይቅም፤ 3 ለ 2 ሲባል የምትሰሙት ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ፍርድ ቤት ወስዶ አይሞገትበትም። እዚህ ጋ አንድ ክፍተት አለ፦ ጣሪያው ከአንድ ፓርቲ ከሦስት አይበልጥም ይላል እንጂ የሌላው ፓርቲ ወንበር ይሞላ አይልም።

ምልዓተ ጉባኤ። የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ሕግ 3 አባል ይጠይቃል። ቦርዱ ከ2008 ጀምሮ በ2 አባላት ብቻ ወደ 600 የሚጠጉ መዝገቦችን ወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በኒው ፕሮሰስ ስቲል መዝገብ ሥልጣን አልነበራቸውም አለ። ዊልኮክስ በ2025 ሲባረሩም የቀሩት 2 ስለነበሩ ቦርዱ መወሰን አቆመ። የሜሪት ሲስተም ቦርድ ደግሞ ቀደም ሲል ማንም ሳይባረርበት፣ ሹመት ባለመጽደቁ ብቻ ከ2017 መጀመሪያ እስከ 2022 ምልዓተ ጉባኤ አልነበረውም። ማባረር ተቋምን መቆጣጠሪያ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያደርገው ማቆም ነው። ምልዓተ ጉባኤው በሕጉ ይሁን በተቋሙ ውስጣዊ ደንብ መጻፉን ፈትሹ፤ በደንብ ከሆነ የቀሩት አባላት ሊለውጡት ይችሉ ይሆናል፤ በሕግ ከሆነ የሚለውጠው ኮንግረስ ብቻ ነው።

ገንዘብ። ኮንግረስ የመደበውን በጀት ፕሬዚዳንቱ ተቋሙን ስላልወደዱት ብቻ መያዝ አይችሉም። የ1974ቱ የበጀት ማገድ መቆጣጠሪያ ሕግ፣ ይሰረዝልኝ ብለው ለኮንግረስ ካመለከቱ በኋላ ኮንግረሱ በተቀመጠባቸው 45 ቀናት ውስጥ ካልተስማማ ገንዘቡ መለቀቅ አለበት ይላል። ፌዴራል ሪዘርቭ ደግሞ ከኮንግረስ በጀት አይጠብቅም፤ በራሱ ገቢ ይተዳደራል። የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮም ከሱ ነው የሚወስደው፤ ይህ አሠራር በ2024 በ7 ለ 2 ጸንቷል። ተቋሙ ከየት እንደሚበላ ማወቅ ስለ ነጻነቱ ከስሙ የበለጠ ይነግራል።

ደንብ። የወጣ ደንብ በስልክም በትእዛዝም አይሻርም። በ1946ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በተለመደው መንገድ ረቂቁ ይታተማል፣ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል፣ የመጨረሻው ከታተመ በኋላም ቢያንስ 30 ቀን ይቆያል። መሻሩ ራሱ ምክንያት እንደሚያስፈልገው በ1983ቱ የስቴት ፋርም ውሳኔ ተረጋግጧል።

የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝስ? ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 14215 ገለልተኛ ተቆጣጣሪዎች ዋና ዋና ደንቦቻቸውን ከማውጣታቸው በፊት ለዋይት ሃውስ ግምገማ እንዲያቀርቡ፣ በሕግ ትርጉምም ከፕሬዚዳንቱና ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እንዳይለዩ ያዛል፤ የፌዴራል ሪዘርቭን የገንዘብ ፖሊሲ ግን አውጥቶታል። ከዚህ በፊት በ1993ቱ ትእዛዝ ተቋማቱ ከዚህ ግምገማ ነጻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲያጋጥማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የኮንግረስን ሕግ ቃል ይቃረናል ወይ፤ ኮሚሽነሩ አልታዘዝም ቢል ምን ይደርስበታል? ከተቃረነ ሕጉ ይበልጣል። ካልታዘዘ ደግሞ የሚደርስበት መሻር ነው። ለዚህ ነው ሙግቱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ መሻሪያዋ ዓረፍተ ነገር የሚመለሰው፤ ማባረር የማይችል ሰው የሚጽፈው ትእዛዝ ምክር ነው።

መልመጃ፦ የሊሳ ኩክ መዝገብ

እስካሁን ያየነውን በአንድ ጉዳይ ላይ እንሞክረው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኦገስት 25 ቀን 2025 የፌዴራል ሪዘርቭ ገዥ ሊሳ ኩክን መሻራቸውን አስታወቁ። ወንበሩ? ከ7ቱ ገዥዎች አንዱ፤ ዘመናቸው እስከ 2038 ይዘልቃል። ሕጉ? ርዕስ 12 ክፍል 242፣ «በምክንያት»። ምክንያት ተሰጥቷል ወይ? አዎ፤ ከስሎተር የሚለየው እዚህ ነው። በ2021 የቤት ብድር ሲወስዱ ሁለት ቤቶችን ዋና መኖሪያዬ ብለዋል የሚል ውንጀላ ቀረበ፤ ኩክ ጥፋት አልሠራሁም ብለው ከሰሱ። እንግዲህ የሚጠየቀው ገደቡ ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይ የሚለው አይደለም፤ «ምክንያት» ማለት ምን ማለት ነው፣ ማንስ ይመረምረዋል ነው። ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለው ሥልጣን ከመያዛቸው፣ ከ2022 በፊት ነው። የዲስትሪክት ዳኛዋ ጂያ ኮብ ሴፕቴምበር 9 ላይ ምክንያት ማለት በሥልጣን ላይ ሳሉ የተፈጸመ ነገር ነው፣ ደግሞም መልስ የመስጠት ዕድል አላገኙም ብለው ስንብቱን አገዱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እግዱን አላነሳም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኦክቶበር 1 ላይ እስከ ጃንዋሪ 2026 ክርክር በሥራቸው እንዲቆዩ ተወ።

ዊልኮክስ ከሥራ ውጪ ሆነው ሲጠብቁ ኩክ በሥራ ላይ ሆነው የጠበቁት ለምንድን ነው? በሜዩ ትእዛዝ ውስጥ ፍርድ ቤቱ ፌዴራል ሪዘርቭን ልዩ አወቃቀር ያለው፣ ከፊል የግል ተቋም ብሎ የጥንቱን የመጀመሪያና የሁለተኛ የአሜሪካ ባንክ ፈለግ የተከተለ አድርጎ ለይቶታል። ይህ መለያ በሕግ ሊቃውንት ዘንድ ያሳምናል አያሳምንም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የንግድ ኮሚሽንና ሪዘርቩ ሁለቱም ደንብ ያወጣሉ፣ ሁለቱም ይቀጣሉ። ለአንባቢ የሚጠቅመው ግን በሪዘርቭ ላይ የሚሰጥ ውሳኔን ለሌሎች ተቋማት፣ የሌሎቹንም ለሪዘርቭ አለመገልበጥ ነው።

በዚያ ተቋም ጉዳይ ያላችሁ ከሆነ

አሜሪካ ለሚኖር ሠራተኛ ይህ ሁሉ ወሬ አይደለም። ከላይ ያሉት ወንበሮች ቢራቆቱም የአቤቱታ ቀነ ገደብ አይቆምም። ለሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ አቤቱታ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ6 ወር ውስጥ ለክልል ቢሮው መግባት አለበት። ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን 180 ቀን ነው፤ የክልሉ ወይም የከተማው መንግሥት መድልዎን የሚከለክል የራሱ ሕግና ተቋም ካለው 300 ቀን ይሆናል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ስለ መድልዎ የመሥሪያ ቤቱን አማካሪ በ45 ቀን ማነጋገር፣ ከሥራ ከተባረረም ለሜሪት ሲስተም ቦርድ በ30 ቀን ይግባኝ ማለት አለበት። ምልዓተ ጉባኤ በማይኖርበት ጊዜ የሚዘገየው የላይኛው የጉባኤ ውሳኔ ነው፤ አቤቱታ መቀበልና ማጣራት፣ የመጀመሪያ ደረጃ ዳኞች ችሎትም ብዙውን ጊዜ ይቀጥላሉ። ከእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የመክሰስ መብት ደብዳቤ የደረሰው ሰው ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን አለው። ኮሚሽኑ 5 አባል ቢኖሩትም 2፣ ያው 90 ቀን ነው።

በተቃራኒው በኩል ያላችሁ፣ ማለትም ተቋሙ የቀጣችሁ ከሆናችሁ፣ «ኃላፊው በሕገ ወጥ መንገድ የተጠበቀ ነበርና ቅጣቱ ይሰረዝ» የሚለው መከራከሪያ ያጓጓል። የኮሊንስ ውሳኔ እዚህ ላይ መሰናክል አስቀምጧል። የመሻሪያ ገደቡ ጉዳት እንዳደረሰባችሁ፣ ለምሳሌ ፕሬዚዳንቱ ሰውየውን ለማንሳት ፈልገው በገደቡ ምክንያት እንደተከለከሉ፣ ማሳየት ይጠበቅባችኋል። የሹመት ጉድለት ግን ከዚህ ይለያል። በትክክል ያልተሾመ ሰው የሰጠው ውሳኔ፣ በ2018 በሉቺያ መዝገብ እንደታየው፣ ተቃውሞው በጊዜው ከቀረበ በሌላ በአግባቡ በተሾመ ዳኛ ፊት እንደገና ይሰማል። ስለዚህ ተቃውሞውን በመጀመሪያው ችሎት በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ ለይግባኝ ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ጊዜው አልፎበታል ሊባል ይችላል።